ዛሬ ቀኑ ማን ነው? እያልሁ የጠየቅሁባቸው ዓመታት

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። የልጄ ልጅ ሰላም የጤና ትምህርት ጀምራለችና፣ "እማማ፣ አንቺ በእጅሽ የሠራሽውን እኛ ከመጽሐፍ ነው የምንሸመድደው፤ ጻፊልን እንጂ" አለችኝ። ታናናሾቿም አጀቧት፤ ደብተርና እስክርቢቶ ገዝተው መጡ። እኔ ትምህርት ቤት የሚባል ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ፣ ከዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢጣመም አትፍረዱብኝ፤ ነገሬም እንደ ጽሕፈቴ ይጣመማል። አሁን አሁን እግሬ ያብጣል። ጥቂት ስጽፍ ይደክመኛል፣ እተወዋለሁ፣ ደግሞ ሲመሽ ትዝ ሲለኝ እቀጥላለሁ።

ሥራዬ ምን ነበር ብትሉ፣ ወረቀቱ ላይ ጽዳት ነው። ስቀጠርም ጽዳት፣ ጡረታ ስወጣም ጽዳት፤ ደሞዙም ያው የጽዳት። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ መጥረጊያዬን ከበሩ ኋላ አቁሜ፣ ጭንቅላታቸውን ከታመሙ ሰዎች ጎን ስቀመጥ ኖሬአለሁ። ይህን የሚል ወረቀት ግን የለኝም።

የጀመርሁት ቢቸና ነው። ባሌ ከሞተ በኋላ በአንድ ጤና ጣቢያ ወለል አጣቢ ሆኜ ገባሁ። በገባሁ በስንተኛው ወር እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ቀን ኮሪደሩን እያጠብሁ ሳለ ተራ የሚጠብቅ ጎልማሳ ከመቀመጫው ላይ ዘፍ ብሎ ወደቀ። የሚጥል በሽታ ነበረበት። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሸሸ፤ አረፋው የነካውን ይይዛል ይባላልና። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ሊያሸተው መጣ። እኔ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። ብቻ ጭንቅላቱ ሲሚንቶውን ይመታል፣ ድምፁ ይሰማኛል። መወልወያዬን ጥዬ ነጠላዬን አጣጠፍሁና ከራሱ ሥር ገፋሁለት።

ያኔ ጋሽ ዋለልኝ ከክፍላቸው ወጡ። የአእምሮ ሕክምና የተማሩ ነርስ ነበሩ፤ በዚያ ጊዜ በአካባቢያችን እንደሳቸው ያለ ሌላ ሰው አላውቅም።

"ክብሪቱን አጥፋው ወንድሜ" አሉት ሰውዬውን፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። ወደኔ ዞረው፣ "በጎኑ አዙሪው። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቢ። አትያዢው፣ ይንቀጥቀጥ። እስኪያበቃ አብረሽው ቆዪ" አሉኝ።

አበቃ። ሰውዬው ዓይኑን ሲገልጥ ያየው እኔን ነው፤ አፍሮ ፊቱን ሸፈነ።

"አልፈራሽም?" አሉኝ በኋላ ጋሽ ዋለልኝ።

"ፈርቼ ነበር እንጂ።"

"ለምን አልሸሸሽም ታዲያ?"

"ወለሉን ገና አላደረቅሁትም። ይበርደዋል ብዬ።"

ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። "ነገ ጽዳትሽን ስትጨርሺ ወደኔ ክፍል ነይ" አሉኝ። ነገሩ እንደዚህ ተጀመረ፤ ሌላ ቅጥር የለኝም።

ስለ ጋሽ ዋለልኝ ብዙ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ እጄ ካልደከመ። በሽተኛ ከመግባቱ በፊት የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ። ለምን ብላቸው፣ "ሰው ልቡን ሲያወጣ እኔ ሰዓት ካየሁ መልሶ ይከተዋል" አሉኝ። ወንበሩን ለበሽተኛው ይሰጡና እሳቸው ዱካ ላይ፣ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ስለ በሽታ አይጀምሩም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ከብቱ ጠይቀው፣ ቀስ ብለው ወደ እንቅልፍ ይመጣሉ። ስንት ሰዓት ተኛህ አይሉም፤ ገበሬ ሰዓት አይቆጥርም። "ዶሮ ሲጮህ ነቅተህ ነበር ያገኘህ ወይስ ዶሮው ነው የቀሰቀሰህ?" ይላሉ። ዶሮው ሳይጮህ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው፣ ሌሊት ሌሊት ሐሳብ የሚያላምጥ ሰው ነው። ከዚያች አንዲት ጥያቄ ተነሥተው ስንቱን አገኙት።

"ጭንቅላት እንደ ሆድ ነው፣ ይርገዱ" ይሉኝ ነበር ስሜን ጠርተው። "ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ይታመማል። ሆዱን ያመመው አይታፈርበትም። ጭንቅላቱን ያመመው ስለምን ይታፈርበታል?"

ጠበልን አይነቅፉም። ሰው እንክብሉን ጥሎ ጠበል ሲገባ ሕመሙ እንደሚነሣበት ያውቃሉ፤ ነገር ግን ከቄሶቹ ጋር አልተጣሉም። ራሳቸው ሄደው ከአጥማቂው ቄስ ጋር ተቀምጠው ተነጋገሩና፣ ቄሱ "እንክብሉንም በጠበሉ ዋጡት፣ ሁለቱም የእግዜር ነው" ብለው ማዘዝ ጀመሩ። ብዙ ሰው የዳነው በዚያ ስምምነት ነው።

የኔ ድርሻ ደግሞ አንዲት ነገር ነበረች። የጋሽ ዋለልኝ ሕግ፣ በሽተኛውን ለብቻው፣ አስታማሚውን ለብቻው መጠየቅ ነው። ሚስት ባሏ ፊት አትናገርም፣ ልጅ አባቱ ፊት አይናገርም። ስለዚህ በሽተኛው ከሳቸው ጋር ሲቀመጥ፣ እኔ አስታማሚውን "ኑ ውኃ ላጠጣችሁ" ብዬ ወደ ጓሮው ቧንቧ እወስደዋለሁ። ውኃ ሲጠጣ ሰው ይተነፍሳል። "ቤት ውስጥ እንዴት ናቸው?" እላለሁ። እንባም የሚመጣው፣ እውነትም የሚወጣው እዚያ ቧንቧ ሥር ነው። ተመልሼ የሰማሁትን በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ። ሥራዬ ይኼው ነበር፤ ቧንቧው።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ዋለልኝ ወደ ሞጣ ተዛወሩ። እኔም ልጄ እዚያ አግብታ ነበርና ዝውውር ጠይቄ ተከተልሁ። የሠራንበትን ቤት ስም አልጠራም። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ጥፋት የኔ እንጂ የቤቱ አይደለም።

ሞጣ ትልቅ ናት፤ ነጋዴው፣ ካህኑ፣ እስላሙ፣ ክርስቲያኑ ሁሉም ይመጣል። የሚረሱ ሽማግሌዎችም መምጣት የጀመሩት እዚያ ነው። ድሮ "አርጅቷል" ተብሎ ቤት ይቀር የነበረ ሰው፣ ልጆቹ ከተማ ገብተው ሲሰሙ "ይመርመር" ይላሉ። በዚያ ሰሞን አንድ ወጣት ዶክተር ነበረልን። መልካም ልጅ ነው፣ ግን ጥያቄው ሁሉ ከወረቀት ነው። አንዲት አሮጊት ገብተው ሲጠይቃቸው በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

"እማማ፣ ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?"

"እሱን ለመንግሥት ተወው ልጄ።"

"እሺ፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩልኝ።"

"ሰባቱን ለማን ልሰጠው ነው የምቀንሰው?"

ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ ጭረት ያደርጋል፤ ወድቀዋል ማለቱ ነው። አላስቻለኝም። "ዶክተር፣ ይፍቀዱልኝ" ብዬ ገባሁ። "እሜቴ፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው?" አልኋቸው።

"ባታ ናት እንጂ። ከትናንት ወዲያ ልደታ ከነበረች..." ቆጠሩ በጣታቸው። "አዎ፣ ባታ ናት።"

"ማታ ምን በሉ?"

"ክክ። ጨው የበዛበት። ምራቴን አይተሻት ከሆነ አትጠይቂኝም ነበር።"

"በየት በኩል መጡ?"

"በላይኛው ነዋ። ታችኛው ጭቃ ነው።"

ዶክተሩ ወረቀቱን አስቀመጠና ሳቀ። ሴትዮዋ የታመሙት ጆሯቸውን ነበር።

ከነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሁለቱ፣ የእራቱና የመንገዱ፣ የጋሽ ዋለልኝ ናቸው። የመጀመሪያይቱ ግን የኔ ናት። አገራችን ሰው ቀኑን በቁጥር አያውቀውም፤ በታቦቱ ያውቀዋል። ለእስላሞቹም "ጁምዓ ስንት ቀን ቀረው?" እላለሁ። ዶክተሩ ሦስቱንም አስጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፋቸው። መጀመሪያ ግን ከእራቱ ፈንታ "ቁርስ ምን በሉ?" ብሎ አስጽፎ ነበር። ጾም ገባና የመጣው ሽማግሌ ሁሉ "ኧረ አልበላሁም" ሲል፣ አንዱ ሠራተኛ "አያስታውስም" እያለ ሲመዘግብ ሰነበተ። እሱን ያየን ጊዜ ጋሽ ዋለልኝ ዝም ብለው ሄደው "ቁርስ" የሚለውን ሰርዘው "እራት" ብለው ጻፉበት።

አልዋሻችሁም፣ ኮራሁ። ፊደል ከዋርካ ሥር የቆጠርሁ ሴት ጥያቄዬ ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። ተራ የሚጠብቁትም ሰሙና መሳቂያ አደረጉኝ። ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸው ሞቶባቸው እንቅልፍ አጥተው ይመላለሱ ነበር። ከውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እኔ ብቅ ስል፣ "ተማሪዎች፣ ጥናት ጀምሩ፣ ፈታኟ መጣች" ይላሉ።

"ሐጂ፣ እርስዎስ አጥንተዋል?" እላለሁ።

"እኔን ገብርኤል፣ ማርያም ካልሽኝ እወድቃለሁ። ጁምዓ ግን ሱቅ የምዘጋበት ቀን ነው፣ ኪሴ ያስታውሰኛል።"

ሰው ይስቃል። ጋሽ ዋለልኝ ሳቁን ከውስጥ ሲሰሙ ደስ ይላቸው ነበር። "አግዳሚው ላይ የሚሳቅበት ቤት ግማሽ መድኃኒት ነው" ይላሉ። ሐጂንም ያዳናቸው እንክብሉ ብቻ አይመስለኝም። ወሬ ነው፣ ሰው ነው፣ ጠዋት ከቤት ወጥቶ መቀመጥ ነው።

እንግዲህ ስሸሸው የቆየሁት ላይ ደረስሁ። ትናንት እዚህ ደርሼ ደብተሩን ዘጋሁት።

ጋሽ ዋለልኝ እናታቸው ታመውባቸው ወደ አገራቸው ሄደው ነበር። በፋንታቸው የተቀመጠው ልጅ እግር ነርስ ነው፤ ሰው ይበዛበታል። "እትዬ ይርገዱ፣ የሚረሱትን ሽማግሌዎች አንቺ ቀድመሽ ጠይቂልኝ፤ የሚያሠጉትን ብቻ ወደኔ ላኪ" አለኝ። እኔም እሺ አልሁ። እምቢ የሚያሰኝ ነገር አልታየኝም።

አንድ ቀን የኔታ ጥበቡ ከሚስታቸው ጋር መጡ። ስማቸውን ለውጬዋለሁ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከሞጣ የግማሽ ቀን መንገድ ገጠር ውስጥ ወንበር ዘርግተው፣ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ከእግራቸው ሥር ይውላል። ልጃቸው ከባሕር ዳር ደውሎ "አባቴ መንገድ ይስታሉ ሲሉ ሰማሁ፣ አስመርምሩልኝ" ብሎ ነው የመጡት። ገብተው ተቀመጡ። ነጭ በነጭ፣ መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው አስደግፈው። እኔ እንደ ጋሽ ዋለልኝ ዱካው ላይ ዝቅ ብዬ ተቀመጥሁ።

"እንደምን አደሩ የኔታ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንደምን አደርሽ ልጄ?"

"ደህና ነኝ የኔታ። ዛሬ ቀኑ ማን ነው?"

ወደ ሚስታቸው አየት አደረጉ። ከዚያ፣ "ዛሬማ ጊዮርጊስ ነው" አሉ።

ልክ ናቸው፣ ጊዮርጊስ ነበር። ሁለተኛውን ልጠይቅ አፌን ስከፍት የሰማዕቱን ነገር አነሡና በግዕዝ ማዜም ጀመሩ። ግዕዝ አላውቅም። ግን አንድ ቃል ሳይሰናከሉ፣ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ እንደ ምንጭ ይወርድ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆሜ የሰማሁት ዜማ ነው። ለኔ ብሎ ያዜመልኝ መምህር የለም። እጄን አጣምሬ ሰማሁ። ሲጨርሱ ፊቴ ረጥቦ ነበር።

"እንደምን አደርሽ ልጄ?" አሉኝ ደግሞ።

"ደህና ነኝ የኔታ።"

"ቤተ ሰብ ደህና ነው? እንደምን አደርሽ?"

በኛ አገር ሰላምታ አያልቅም። ሦስቴ ቢጠይቁህ ጨዋነት ነው። እኔም በሦስተኛው "እንዴት ያሉ ትሑት ሰው ናቸው" አልሁ በልቤ። ሚስታቸው፣ ወይዘሮ ዘነበች፣ ከበሩ ሥር ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። "እሜቴ፣ ቤት ውስጥስ እንዴት ናቸው?" አልኋቸው፣ እዚያው፣ የኔታ ፊት።

"እንደ ድሯቸው ናቸው" አሉኝ።

ወደ ቧንቧው አልወሰድኋቸውም። እራቱን አልጠየቅሁም። መንገዱን አልጠየቅሁም። ይህን ሁሉ በቃሉ የሚያወርድ ሰው ረሳ ብሎ መጠየቅ ስድብ መሰለኝ። ወደ ነርሱ ሄጄ "የኔታ ደህና ናቸው፣ ከኔና ካንተ የበለጠ ያስታውሳሉ" አልሁት። ካርዱ ላይ "ቀጠሮ አያስፈልግም" ብሎ ጻፈ። የኔታ ሲወጡ መረቁኝ። ሚስታቸው ግን ቸኩለው ነበር፤ እጃቸውን ይዘው እየሳቡ ወሰዷቸው።

ሁለት ወር አልሞላም። ወሬው የመጣው ከገጠር ለገበያ ከመጣ ሰው ነው። ሚስታቸው ገበያ ወርደው ሳለ፣ የኔታ መቋሚያቸውንና የመጻሕፍት ማኅደራቸውን ይዘው ከቤት ወጡ። በመንገድ ያገኛቸው ገበሬ "ወዴት ነው የኔታ?" ቢላቸው፣ "ወደ መርጡለ ማርያም። አረፈድሁ፤ መምህሬ ይቆጡኛል" አሉት። በልጅነታቸው የተማሩት እዚያ ነበር፤ መምህራቸው ከሞቱ ስንት ዘመን። ገበሬው የቅኔ ሰው ነገር ነው ብሎ፣ ሰምና ወርቅ መስሎት፣ እጅ ነሥቶ አሳለፋቸው። በሦስተኛው ቀን ገደል ሥር፣ ከወንዝ ዳር አገኟቸው። ማኅደሩ ከአንገታቸው አልወረደም ነበር።

ለቅሶው ሄድሁ። ከሴቶቹ ኋላ፣ ከድንኳኑ ጫፍ ተቀመጥሁ። ወይዘሮ ዘነበች ገባ ስል አዩኝና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እስክወጣ ቀና አላሉም። አወቁብኝ አልሁ። የባሌ ገዳይ ናት እያሉ ነው አልሁ። እህል ሳልቀምስ ወጣሁ።

ጋሽ ዋለልኝ ሲመለሱ ነገርኋቸው። ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ፤ ለኔም። ዱካው ላይ ተቀመጡ።

"ሦስቱንም ጠየቅሽ?"

"አንዱን ብቻ።"

"የትኛውን?"

"የኔን።"

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ "ይርገዱ፣ ይህ በሽታ ሌባ ነው። ሌባ ደግሞ ከደጅ ይጀምራል። የዛሬው ጠዋት፣ የማታው እራት፣ የመጣንበት መንገድ ደጅ ላይ ነው ያለው፤ መጀመሪያ የሚወሰደው እሱ ነው። የልጅነት ዜማ ግን ጓዳ ነው፤ መጨረሻ ነው የሚደረስበት። የኔታ ጓዳቸውን አሳዩሽ። አንቺ ደጃቸውን አላየሽም።"

"እንግዲያ ገደልኋቸው" አልሁ።

"እሱን አላውቅም። ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም፤ ብናውቀው ኖሮ ብቻቸውን አይተዉም ነበር፣ ያን ያህል ነው። እሱም ትንሽ አይደለም።" ተነሡ። "ነገም ሰዎች ይመጣሉ። ጠዋት ነይ።"

ማጽናኛ አልነበረም። ግን አላባረሩኝም። በማግሥቱ ለመጣው የመጀመሪያ ሽማግሌ ሦስቱንም ጥያቄ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠየቅሁ፤ ሚስቱንም ወደ ቧንቧው ወሰድሁ። ከዚያ ጀምሮ አንድም ሰው አላሳለፍሁም። ሰው ሲቸኩል፣ ነርስ ሲጮህብኝ፣ ሊቅም ቢሆን ሹምም ቢሆን፣ ሦስቱን ሳልጠይቅ አልለቅቅም። "ፈታኟ ከረረች" አሉ ሐጂ ሰይድ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እሳቸውም አይተው ቀልዱን ተዉት።

ልጆች፣ ምን ተማርሽ ትሉኛላችሁ። ብዙ አይደለም። ደም ብዛቱን ያልታከመ ሰው ኋላ ጭንቅላቱም እንደሚጎዳ አየሁ። አረቄ የሚያዘወትር ሰው ቀድሞ እንደሚረሳ አየሁ። ጆሮው ደንቁሮ ከሰው የተለየ ሽማግሌ ቶሎ እንደሚደክም አየሁ፤ ስለዚህ ሲደነቁሩባችሁ አትተዉአቸው፣ ጠጋ ብላችሁ አናግሩ። የሚራመድ፣ ማኅበር የሚጠጣ፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ከጎረቤት ጋር የሚጨቃጨቅም ቢሆን፣ ይሻለዋል። የከፋው ዝም ብሎ ግድግዳ የሚያየው ነው። መጽሐፋችሁ ከዚህ የተሻለ ይላችኋል።

ጋሽ ዋለልኝ ጡረታ ወጥተው ብዙም አልቆዩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሰዓታቸውን ልጃቸው አምጥታ ሰጠችኝ። አይሠራም። አላስጠገንሁትም።

እኔም ጡረታ ወጥቼ ወደ ቢቸና ተመለስሁ። የሽኝት ቀን ጋቢ አለበሱኝ፤ የጽዳት ክፍል ኃላፊው ስለ ንጽሕናዬ ተናገረ። ስለ ቧንቧው የሚያውቅ ሰው በቤቱ ውስጥ አልቀረም ነበር። ጠዋት ጠዋት ስነሣ ፊቴን ሳልታጠብ "ማታ ምን በላሽ?" እላለሁ ለራሴ። እስካሁን ይመጣልኛል። አንዳንዴ ይዘገያል። ሰላም ይህን ስታነብ እንዳትደነግጥ።

አምና ልጄን ልጠይቅ ወደ ሞጣ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ ቆብ የደፉ መነኩሲት ተቀመጡ። ብዙ መንገድ ሄድን። ደጋግመው ያዩኛል።

"አንቺ የሐኪም ቤቷ ይርገዱ አይደለሽም?" አሉኝ።

ያኔ አወቅኋቸው። የኔታ ሚስት፣ ወይዘሮ ዘነበች ናቸው።

"ነኝ እማሆይ።"

"ለቅሶው ላይ መጥተሽ ነበር። ቀና ብዬ ላይሽ ፈራሁ።"

"እኔ ነኝ የፈራሁ" አልሁ። "ደህና ናቸው ብዬ የላክኋቸው እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሾፌሩ ዘፈን ከፍቶ ነበር፤ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው ተናገሩ።

"ተማሪው ይበተናል ብዬ ነው" አሉኝ። "አእምሯቸው ተነካ ከተባለ ወንበሩ ይታጠፋል። ሰውም በልጅነታቸው ለትምህርት ብለው የጠጡት አብሾ ተነሣባቸው ይላል። ያን ስም ይዘው እንዳይሞቱ ብዬ። ልጄ ካልታዩ አለኝ፣ ይዣቸው መጣሁ። ደኅና ናቸው ተብሎ ወረቀት እንዲወጣልኝ ነበር የፈለግሁት።"

"እኮ ደኅና ናቸው አልሁ።"

"ከውጭ አግዳሚው ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ አንድ ሐጂ እየሳቁ 'አጥኑ፣ ፈታኟ ቀኑን ትጠይቃለች' ሲሉ ሰማሁ። እግዜር የላከልኝ መሰለኝ። ወዲያው በጆሯቸው 'ዛሬ ጊዮርጊስ ነው' አልኋቸው። ይረሱታል፣ እደግመዋለሁ። ይረሱታል፣ እደግመዋለሁ። ስማችን እስኪጠራ እንደ ተማሪ አስጠናኋቸው። እሳቸው ስንቱን ያስጠኑ ሰው።"

ሞጣ ስንደርስ ደግፌ አወረድኋቸው። መሬት ሲረግጡ እጄን ሳይለቁ ቆሙ።

"እራታቸውን ብትጠይቂያቸው ኖሮ አያውቁትም ነበር" አሉኝ። "እሱን አላስጠናኋቸውም።"